ሽማግሌ ይዛ የቀረች መኪና

አባቴ ሰውን የሚመዝነው በሞተር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ ቡናና በቆሎ ሲያመላልስ የኖረ የናፍጣ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም በረንዳ ላይ ተቀምጦ በበራችን የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ያዳምጣል። ማን እንደሚነዳው ቀና ብሎ አያይም። «ይኼ ሰውዬ ዘይት አይቀይርም» ይላል። ሌላው ሲያልፍ ደግሞ «ይኼኛው ቤቱ ሰላም የለውም፤ ማርሽ አገባቡን ስሙት» ይላል። አንዳንዴ ልክ ሆኖ ስለሚገኝ ማንም አይከራከረውም።

በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ አባቴ ሥራውን እንደተቀማ ሰው ሆነ። በበራችን ያልፋሉ፣ ጎማቸው ድንጋይ ሲረግጥ ይሰማል፣ ሌላ ምንም የለም። «እንደ ሌባ ነው የሚሄዱት» ይል ነበር። ስለዚህ እናቴ አንድ ቀን ፈራ ተባ እያለች ሽማግሌ ሊልክ የሚፈልግ ሰው እንዳለ ስትነግረው፣ የማን ልጅ እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት የጠየቀው ምን እንደሚነዳ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና እንደሆነ ሲሰማ ወንበሩን ከመንገዱ ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰውዬው ከነቀምቴ ራቅ ብላ ባለች ኡኬ በምትባል ትንሽ ከተማ መምህር ነው። መኪናዋን ከወንድሙ ጋር ሆነው አዲስ አበባ ካለ ሰው ያገለገለች ገዟት። እኔ ነቀምቴ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ለእናቱ የግፊት መድኃኒት ሊገዛ ሲመጣ ነው የተዋወቅነው፣ ተዋወቅን ከተባለ። እኔ ዓይኔን ከመድኃኒቱ ካርቶን ላይ አላነሣም፣ እሱም ዓይኑን ከመደርደሪያው ላይ አያወርድም። እንዲህ እያልን ብዙ ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሥራ ስጨርስ ከባድ ዝናብ ይዘንብ ነበርና ላድርስሽ አለኝ። እምቢ ለማለትም ድፍረት ስለሚጠይቅ ገባሁ።

መኪናዋ ግን አትሄድም። የማስነሻ ቁልፉን ሲጫን መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ አንድ አበባ ይወጣል። ቀጥሎ የቻይንኛ ጽሑፍ ይመጣል። ከዚያ ሁሉም ነገር ይጠፋና ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠቁራል። ቆይታ ቆይታ አንዲት ሴት በቻይንኛ አንድ ነገር ትናገራለች፤ ምን እንደምትል እስከ ዛሬ አናውቅም። እሷ ሳትናገር ማርሽ አይታዘዝም። በመሃል የሾፌሩ በር ከተከፈተ መኪናዋ ሾፌሬ ወርዷል ብላ ታስባለች መሰለኝ፣ ሁሉንም ከአበባው ትጀምራለች። ስክሪኑ ጠቁሮ ሳለ ደግሞ ሞታለች ብሎ ቁልፉን የነካ ሰው እውነትም ይገድላታል። ይህን ሁሉ ያስረዳኝ በዚያ ዝናብ ቀን ነው፣ ሌላ የሚያወራው ስላጣ።

ለዓይነ አፋር ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ሁለታችንም ፊት ለፊት እናያለን፤ የሚታይ ስክሪን አለ። ዝምታው የእኛ ጥፋት አይደለም፣ የመኪናዋ ነው። ሻይ እስኪፈላ በሚወስድ ጊዜ ውስጥ ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ኡኬ ጭቃ ነገረኝ፤ እኔም ስለ ቤታችን ነገርኩት። መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ግን ሁለታችንም እንደገና ዝም እንላለን። ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ የጠየቀኝም ስክሪኑ በጠቆረበት ሰዓት ነው። በጥቁሩ መስታወት ላይ ፊቴ ይታየው ነበር፤ ዞር ብሎ ማየት አላስፈለገውም። እኔም በመስታወቱ በኩል ራሴን ነቀነቅሁ።

ቤቴ ድረስ አድርሶኝ አያውቅም። ሁልጊዜ ከወፍጮ ቤቱ ጋ እወርድና የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ። ስለዚህ አባቴ ሰውዬውን ያወቅሁት በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሦስት ናቸው። የሚናገሩት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበሩ፤ ወለጋ ውስጥ ለሽምግልና ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም ይባላል። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ረጅምና ዝምተኛ። ሦስተኛው የልጁ አጎት ሲሆኑ መኪናዋን የሚነዱት እሳቸው ናቸው። መንዳት ድሮም ይችላሉ፤ ይህችን መኪና የለመዱት ግን በዚያው ሳምንት ነው። ልጁ እንደ ወጉ ኡኬ ቀርቷል። ለጉዳዩ ክብር ሲባል ሦስቱም ስልካቸውን አጥፍተዋል።

እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ ነበር። ርእሰ መምህሩ ቆመው ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ አገሩ ሰላም ከተናገሩ በኋላ የመጡበትን ጉዳይ መጀመሪያ ለአባቴ በአማርኛ፣ ቀጥሎ ለእናቴ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ በኋላ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር። እናቴ ነቀምቴ የተወለደች ናት፤ አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ ቀርቷል፤ ቤታችን በሁለቱም ቋንቋ ይጣላል፣ በሁለቱም ይታረቃል።

አባቴ አመስግኖ፣ ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ ከክረምት በኋላ ኑ አላቸው።

በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል ማንም ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹም አልከፋቸውም። እኔ ግን አባቴን አውቀዋለሁ። የጓሮው አጥር ከክረምት በኋላ የሚታጠር ነው። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ከክረምት በኋላ የሚቀየር ነው። እናቴን የታመመ ጥርስሽ ከክረምት በኋላ ይነቀላል ሲላት ቆይቶ ጥርሱ ራሱ ወለቀ። በዋዜማው ማታ ደግሞ በግድግዳው በኩል ለእናቴ የነገራትን ሰምቻለሁ፤ ድምፁን የማልሰማው መኪና የሚነዳ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በምን አውቄ ልጄን እሰጣለሁ ነበር ያለው። ቁርጥ ያለ እምቢታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እምቢታን ሌላ ሽማግሌ ያስለውጠዋል፤ ከክረምት በኋላን የሚያስለውጥ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሽማግሌዎቹ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ተነሡ፤ ቃል ሳያገኙ በሴት ልጅ ቤት አይበላም፣ አይጠጣም። እናቴ በተስፋ የሠራችውን የዶሮ ወጥ ከድና አባቴን በጎን አየችው።

ነገሩ የተበላሸው ግቢ ውስጥ ነው።

አጎቱ መሪ ያዙ፣ ሁለቱ ገቡ፣ አበባው ወጣ። ያኔ ሊሸኝ የወጣው አባቴ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ በሰላም ግቡ አላቸው። የልጅቷ አባት ቆሞ ሲናገር ተቀምጦ መመለስ እንዴት ይቻላል? አጎቱ በሩን ከፍተው ወረዱና በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ጎንበስ ብለው መልስ ሰጡ። ተመልሰው ገቡ። አበባው እንደገና ወጣ። ጽሑፉ መጣ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ አጎቱ ሞተች ብለው ቁልፉን ተጫኑ። አባቴ ምን ሆነች ብሎ ጠየቀ። አጎቱ ሊመልሱለት ወረዱ።

መኪናዋ የማታውቀው ነገር ወለጋ ውስጥ ሾፌር ትልቅ ሰው ባየ ቁጥር እንደሚወርድ ነው። የሠሯት ሰዎች አልነገሯትም። አባቴ በመጣ ቁጥር አጎቱ ይወርዳሉ፤ ከአጥር ማዶ የጎረቤታችን ሽማግሌ አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ፣ ሲሉ ይወርዳሉ፤ እናቴ ብቅ ስትል ይወርዳሉ። አክብሮታቸው በበዛ መጠን መኪናዋ ወደ አበባዋ ትመለሳለች። እኔ በመስኮት እያየሁ ጥርሴን ነክሻለሁ። አባቴ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፊቱ በርቷል።

«ናፍጣ ጨርሳ እንዳይሆን» አለ።

ፈቃድ ጠይቆ ኮፈኑን ከፈተ። ውስጡ የሚያውቀው ነገር ፈልጎ ያገኘው ክዳን ያለው ጥቁር ፕላስቲክና የመስታወት ማጠቢያ ውኃ ብቻ ነው። ሞተሩን ማን ወሰደው ብሎ ጠየቀ፤ ማንም አልሳቀለትም። ቀጥሎ ጎረቤት ጠርቶ ገፍተን እናስነሣት አለ። ገፏት፤ ጎማዎቹ ተቆልፈዋልና እንደ ቤት አልነቃነቅ አለች። ተገፍቶ የማይነሣ መኪና አባቴ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ደስታው ከዚያ በኋላ ቀነሰ። ሰዎቹን ትቶ ወደ ቤት መግባት አይችልም፤ ነውር ነው። ግቡ ማለትም አይችልም፤ አሁን ነው የሸኛቸው። ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከመኪናዋ አጠገብ ቆመ።

እናቴ ከሁሉም በላይ ተሠቃየች። ሰው በግቢዋ ምሳ ሰዓት ላይ ጦሙን ተቀምጧል፤ ወጡ እሳት ላይ ነው፤ ማቅረብ ግን አይቻልም። በመጨረሻ አላስችል ብሏት ውኃ በማሰሮ ይዛ ወጣች። ርእሰ መምህሩ ከመስኮቱ በኦሮምኛ አመስግነው በትሕትና መለሱላት።

«አዴ፣ ገለቶሚ። ቃል ሳይሰጠን እኛ ውኃ አንቀምስም። ለመኪናዋ ከሆነ ግን እሷ አልማለችም።»

እናቴ የጭነት መኪና ውኃ እንደሚጠጣ የምታውቅ የሾፌር ሚስት ናትና ከምር ወስዳው በየት በኩል እንደሚፈስላት ጠየቀች።

በዚህ መሃል ወሬው ከአጥሩ አልፏል። የጎረቤታችን ሴትዮ በአጥር ላይ ብቅ ብላ እናቴን በኦሮምኛ ጠየቀቻት፤ ሽማግሌዎቹ እምቢ ቢባሉ አንሄድም ብለው ግቢ ውስጥ ተቀመጡ የሚባለው እውነት ነው ወይ? እንዲህ ያለ ልመና በአገራችን ትልቅ ነገር ነው። ሽማግሌ ግቢው ተቀምጦበት እህል ሳይቀምስ ያዋለ ሰው ስሙ በገበያ ይነሣል። አባቴ ደነገጠ። እኔ አላስቀመጥኳቸውም፣ መኪናዋ ናት አለ። ሴትዮዋ መኪናዋን ከጎማ እስከ ጣሪያ አየቻትና ምንም ሳትል ከአጥሩ ወረደች። ይህ ከስድብ የባሰ ነበር።

እኔ ደግሞ ስልክ በእጄ ነው። ልጁ ከኡኬ በየደቂቃው ይጽፋል። ሄዱ? አልሄዱም። ምን ሆኑ? በር ይከፍታሉ። ጥቁሩ ላይስ? ይነካሉ። አጎቱ ጋ ደወለ፣ ስልካቸው ዝግ ነው። የሌሎቹም ዝግ ነው። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ከአንቺ በቀር የሚያውቃት የለም።»

ይህን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። እውነት ነው። ግን ወጥቼ ይህችን መኪና እንዲህ አድርጓት ካልኩ፣ አባቴ ከየት አወቅሽ ማለቱ አይቀርም። አባቴ ከቤት ያባርረኛል ብዬ አይደለም የፈራሁት። የፈራሁት ከክረምት በኋላ የሚለው ቃሉ ፈጽሞ የሚል ቃል እንዳይሆን ነው። ዝም ብል ደግሞ ሽማግሌዎቹ እንደተዋረዱ ይመሻል፤ ነገ በኡኬ የሚወራው በነቀምቴ ግቢ ውስጥ ኮፈን ተከፍቶ ስለተሳቀባቸው ሦስት ትልልቅ ሰዎች ነው። ተመልሰው ይመጣሉ ማለት ዘበት ነው። በሁለቱም በኩል ላጣው ከሆነ፣ ቢያንስ ሰዎቹ ምሳቸውን ቤታቸው ይብሉ አልኩ።

ስልኬን ቀሚሴ ኪስ ከትቼ ወጣሁ። በሕይወቴ ከሦስት ሰው በላይ ባለበት ቦታ ሳልጠየቅ ተናግሬ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩ። አጎቱ ሊመልሱልኝ በሩን ከፈቱ።

«ከወረዱ አይቀር፣ አባባ፣ ወንበሩን ይልቀቁልኝ» አልኩ። ድምፄን እኔ ራሴ አላወቅሁትም።

እሳቸው ተገርመው ወደ ጎን ወንበር ዞሩ። ተቀመጥኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ቀበቶ አሰርኩ፣ ፍሬኑን ረግጬ ቁልፉን ተጫንኩ። እባካችሁ ማንም በር አይክፈት፣ ማንም ምንም አይንካ፣ ጠቁሮ ይቆያል፣ አልሞተችም አልኩ። አባቴ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ያየኛል። አበባው ወጣ። ጽሑፉ መጣ።

«አንቺ ይህን ከየት አወቅሽ?» አለ አባቴ።

አጎቱ ስለ እኔ ሊመልሱ የጎናቸውን በር እጀታ ያዙ። ክንዳቸውን ያዝኩ። ስክሪኑ ጠቆረ። በዚያ ጥቁር መስታወት ላይ የሁላችንም ፊት ይታያል፤ የሦስቱ ሽማግሌዎች፣ የእኔ፣ ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ የአባቴ። እኔ ያንን ጥቁር ለምጄዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ከዚያ ቻይናዊቷ ተናገረች። ሁሉም መብራት በራ። ልጀምር ብዬ ወደ ማርሹ እጄን ስዘረጋ መኪናዋ አንድ ሌላ ነገር አደረገች፤ ቀደም ሲል በብሉቱዝ ያገናኘነውን ስልኬን አወቀችው። ስሜ በስክሪኑ ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ወጣ፤ ጠዋት ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ ስሰማው የነበረው መዝሙርም ካቆምኩበት ከመሃሉ ጀምሮ በአራቱም በር ድምፅ ማጉያ ግቢውን ሞላው። አባቴ አንገቱን አስግጎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀማቸውና ስሜን ጮክ ብሎ አነበበ። ከአጥሩ ማዶ ሴትዮዋ እንደገና ብቅ አለች።

አባቴ እኔን አልጠየቀኝም። ርእሰ መምህሩን ጠየቃቸው።

«ይህች መኪና ልጄን ከየት ታውቃታለች?»

ርእሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደ እሳቸው ያለ ሽማግሌ በዓመት አንዴ የሚያገኘው ዕድል እንደሆነ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኦቦ፣ እኛ ስለ ልጁ ትዕግሥት ብዙ ልንመሰክር ነበር የመጣነው። ቶሎ ስላሰናበቱን ተውነው። ይህችን መኪና በየቀኑ የሚያስነሣ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን ጠዋቱን ሙሉ ቆመው አይተዋል።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። የማፈሪያ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን የጠየቀኝ የሾፌር ጥያቄ ነው።

«በየቀኑ እንዲህ ታስጠብቀዋለች?»

«በየቀኑ።»

«ይሰድባታል?»

«ሰምቼ አላውቅም።»

«ዳሽቦርዱን ይመታል? መሪውን?»

«አይመታም፣ አባዬ። ዝም ብሎ ያያታል። ከተነሣች በኋላ ገለቶሚ ይላታል።»

ይህን የመጨረሻውን መናገር አልነበረብኝም፤ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ዝምተኛው ሽማግሌ በሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አባቴ ግን አልሳቀም። ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ቆመ፤ በረንዳ ላይ ሆኖ የሰው ሞተር ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው። ከኤሌክትሪክ መኪና አንድ የሚሰማ ነገር ያገኘ መሰለኝ። እኔ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁ፤ ታዘዘች። ከዚህ በኋላ የሚያስቀራቸው ምንም ነገር የለም።

«አጥፊው» አለ አባቴ።

መዝሙሩን መስሎኝ አጠፋሁት።

«መኪናውን ነው። ምሳው ሊበላሽ ነው።»

እናቴ ከበሩ ላይ ጠፋች፤ ወደ ወጥ ቤት ስትሮጥ ነጠላ ጫማዋ ሲንጧጧ ይሰማ ነበር። ርእሰ መምህሩ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሽማግሌ በምሳ አይታለልም።

«ኦቦ፣ ጆሯችን ደክሟል። ከክረምት በኋላ ኑ ያሉን መሰለን።»

«ከክረምት በኋላ ያልኩት ሠርጉን ነው» አለ አባቴ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ርእሰ መምህሩ ፊታቸውን እንደ ፈተና ቀን ኮስተር አድርገው፣ «እኛም እንዲያው ነበር የገባን» አሉና የበሩን እጀታ ሳቡ።

ሁሉም ወደ ቤት ሲገቡ እኔ ብቻዬን መሪው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ስልኬ ተንቀጠቀጠ። «ሄዱ?» ይላል።

«አልሄዱም» ብዬ ጻፍኩ። «እየበሉ ነው።»

ልኬው ወረድኩና እጅ ማስታጠቢያ ልይዝ ገባሁ።